ቢሪቦ የት ይቀመጣል?

አሮይታ ውሸት መጻፍ የጀመረችው ለቤተ ክርስቲያን ብላ ነው። የወጣቶቹ ማኅበር ለገና የሚጫወተው ቴአትር ቢያጣ፣ "አንቺ እንደሆነ ምላስሽ ስለት ነው፤ እስቲ የሆነ ነገር ጫር ጫር አድርጊልን" አሏት። እሷም አንድ ሰካራም ባል፣ አንዲት ነገረኛ አማትና አንድ ግራ የገባው መልአክ ያሉበት ጨዋታ ጻፈችላቸው። መንደሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰባኪው ሳይቀሩ በመሐረባቸው ዐይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወዲህ ገና በመጣ፣ ፋሲካ በመጣ ቁጥር አሮይታ ትፈለጋለች። በቀረው ጊዜ እንደ ማንኛችንም ሰሌኗን ትሠራለች፣ ዓሣዋን ትቀቅላለች፣ ከባሏ ከባውሮ ጋር ትነታረካለች።

በዚህ ማንም ቅር አላለውም። ሰካራሙ ስም የለውም፤ አማቲቱም ስም የላትም። ጨዋታው ሲያልቅ ይጨበጨባል፣ ምግብ ይቀርባል፣ ነገሩ እዚያው ይረሳል። ጣጣው የመጣው ስም ያለው ሰው ሲመጣባት ነው።

ስሙ ቢሪቦ ነው። ሰሌን እየሠራች ሳለች ነው የመጣባት፤ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አታውቅም። ጢሙ ሳያቆጠቁጥ በባዕድ የጭነት መርከብ ተቀጥሮ የሄደ፣ ከወደብ ወደብ ሲዞር ጸጉሩ የሸበተ፣ በመጨረሻም ወደ ደሴቱ ሲመለስ ማንም የማያውቀው ሰው። እሱ ግን ሁሉን ያውቃል፤ የትኛው ዛፍ የት እንደነበር፣ የትኛዋ ልጅ የማን እንደነበረች። "ይሄ ሰውዬ ከሰው ሁሉ መርጦ እኔን የሚያስቸግረኝ ምን ይሁን ብሎ ነው?" አለች ለራሷ። እንዲህ ብላም ቀኑን ሙሉ የቢሪቦን ጫማ ስታስብ ዋለች። የመርከበኛ ከባድ ጫማ አድርጎ በእኛ አሸዋ ላይ የሚሄድ ሰው እንዴት አድርጎ ይራመዳል?

ሦስት ዓመት ጻፈችው። ትምህርት ቤቱ የጣለውን የፈተና ወረቀት እየለቀመች በጀርባ በጀርባው ትሞላዋለች። ማለዳ ባውሮ ኮኮናቱ ጫፍ ላይ ወጥቶ ከአበባው የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ ወለላ እየቀዳ ሲዘፍን፣ እሷ ከሥር ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። አንዳንድ ቀን ቢሪቦ ያወራል፣ ይስቃል፣ ይሳደባል። አንዳንድ ቀን ደግሞ እንደ ትናንት ዓሣ ዐይኑን አፍጦ ይጋደምባታል። ያን ጊዜ ወረቀቱን ቀድዳ እሳት ታያይዝበታለች።

ቃል ቢጠፋ እንኳ ተፈልጎ ይገኛል። ያስቸገራት "ማን ነኝ ብዬ ነው?" የሚለው ነው። በእኛ ቋንቋ የታተመ ነገር ቢለቀም መጽሐፍ ቅዱስ፣ የመዝሙር መጽሐፍ፣ የልጆች ማንበቢያና ስለ ትንኝ የሚያስጠነቅቅ ማስታወቂያ ነው። ከእነዚህ ጎን አንድ ያልተወለደ መርከበኛ ምን ይሠራል? እግዜርም መንግሥትም የማያውቀውን ሰው እሷ ማን ሆና ነው የምትፈጥረው? ታፍር ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ታፍር ነበር። ሰው ሲመጣ ወረቀቱን ከሰሌኑ ሥር ትወሽቅና "ምን እየሠራሽ ነው?" ሲሏት "ምንም" ትላለች፣ የሰው ዶሮ የሰረቀች ይመስል።

አንድ ማለዳ ታዲያ ቢሪቦ ማኔአባ ገባ።

ማኔአባ የመንደሩ ሸንጎ ነው፤ ዳኝነቱም፣ ድግሱም፣ ጭፈራውም፣ እርቁም በአንድ ትልቅ ጣሪያ ሥር። ግድግዳ የለውም፤ ጣሪያው ግን እስከ ወገብ ስለሚወርድ ጎንበስ ሳይሉ አይገባበትም። ቢሪቦ ጎንበስ ብሎ ገባ። ጫማውን አወለቀ። በሰሜን በኩል ወዳለው ወደ ሁለተኛው ምሰሶ ሄዶ ጀርባውን አስደገፈና እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አሮይታ ይህን የጻፈችው በአንድ ትንፋሽ ነው። ከዚያች ቀን በኋላ ቢሪቦ አልሞተባትም፤ እሱ ፊት ፊት እየሄደ እሷ ከኋላው ትከተለው ጀመር። በዋና ከተማው በታራዋ መጻሕፍት የምታሳትም አንዲት ሴት የመጀመሪያውን ግማሽ አንብባ "ቀሪውን ላኪልኝ፣ አትመዋለሁ" ስትላት እንኳ የዚያን ማለዳ ያህል አልተደሰተችም።

ቀሪውን ከመላኳ በፊት ለአንድ ሰው ልታነበው ፈለገች። ሰው ማለት ለአሮይታ ኪናይ ናት፤ አብሮ አደጓ፣ ጎረቤቷ፣ የገመናዋ ሁሉ ተካፋይ። ከዛፍ ጥላ ሥር ጎን ለጎን ሰሌን ዘርግተው ተቀመጡ።

"ኪናይ ትሙት በይ፣ አትስቂብኝም።"

"ኪናይ ትሙት። ካሳቀኝ ግን እስቃለሁ። ይልቅ ጀምሪ፣ ጆሮዬ ሥራ ፈቷል።"

ኪናይ ሳቀችም፣ አለቀሰችም። ማኔአባው ጋ ሲደርስ ግን ሰሌን የምትሠራበት እጇ ቀጥ አለ።

"እስቲ ድገሚው። የት ተቀመጠ አልሽ?"

"በሰሜን በኩል፣ ሁለተኛው ምሰሶ ሥር..."

"አንቺ ሴትዮ ነካ ያደርግሻል እንዴ? የማን መቀመጫ ነው እሱ?"

እኛ ዘንድ በማኔአባ ሥር የትም ዘሎ ቁጭ ማለት የለም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው መቀመጫ አለው። በዚያ የተቀመጠ ሰው "የዚህ ቤት ልጅ ነኝ፣ የዚህ ቤት መሬት ይመለከተኛል" ማለቱ ነው። ሕፃን እንኳ ተሳስቶ በሰው ቦታ አይቀመጥም። የሰሜኑ ሁለተኛ ምሰሶ ደግሞ የእማማ ቴቡካ ቤት ነው። አንድ ልጃቸው ካሞሪኪ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ሞተሩ ጠፍቶበት ባሕር ከወሰደው ወዲህ ቦታው ባዶ ነው። አሮጊቷ እንደ ደንቡ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ይቀመጣሉ፤ ከፊታቸው ያለውን የልጃቸውን ሰሌን ማንም አይረግጠውም።

"አላሰብኩትም" አለች አሮይታ። "እናቴ ትሙት አላሰብኩትም። ጀርባውን የሚያስደግፍበት ነገር ነው የፈለግኩለት።"

"ከዚያ ሁሉ ምሰሶ መርጠሽ?"

"አልመረጥኩም እኮ!"

ኪናይ ጣቷን ማጠፍ ጀመረች። "በባሕር የሄደ ሰው። ጠፍቶ የቀረ ሰው። ድንገት መጥቶ በካሞሪኪ ቦታ ቁጭ አለ። ይሄን የሰማ ምን ይላል? 'ያን ልጅ ነው የጻፈችው' አይልም?"

አሮይታ ካሞሪኪን ታውቀዋለች፤ አብረው ተምረዋል፣ አብረው ደሴቱ በክንዱ ባቀፈው ሐይቅ ዳር ቀንድ አውጣ ለቅመዋል። ያ ልጅ ሳታውቀው በእጇ ሾልኮ ገብቶ ይሆን? የራሷ ነው ያለችው ሰው የሌላ ሰው ልጅ ሆኖ ይሆን? ይህ ጥያቄ ከኪናይ ቁጣ ይልቅ አስደነገጣት።

ኪናይ ክፉ ሰው አይደለችም። ለባሏ ብቻ ነገረች። ባሏም አብሮት ለሚያጠምደው ሰው ብቻ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወሬው ክንፍ አውጥቶ ነበር፤ አሮይታ የእማማ ቴቡካን ልጅ ከሞት አስነስታ ጽፋዋለች፣ ለፈረንጅም ልትሸጠው ነው ተባለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አሮይታ የሰማችው ከሁሉ በኋላ፣ ሰዎች ሰላምታ እያሳጠሩ ሲያልፏት ነው።

መጀመሪያ ልታስተካክለው ሞከረች። ቢሪቦን አንድ ምሰሶ ወደ ምሥራቅ አዛወረችው። እዚያ የዋናው ሽማግሌ የአባባ ኮሪያራ ቤተሰብ አለ፤ ቢሪቦ ገና እግሩን ሳያጥፍ "ተነስ ወዲያ!" ሲሉት ታያት። ወደ ደቡብ ወሰደችው። እዚያ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ክንድ ስፋት ተጣልተው ፍርድ ቤት ድረስ ተካስሰዋል፤ ሦስተኛ ሰው ብትጨምርባቸው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ከባውሮ ጎን በባሏ ቤተሰብ ቦታ አስቀመጠችው፤ አማቷ "ደግሞ ይሄ የማን ዲቃላ ነው?" ሲሉ ተሰማት። ምስኪን ቢሪቦ ማኔአባውን ሙሉ ዞረ። በመጨረሻ "ገብቶ ተቀመጠ" ብላ ብቻ ጻፈችው፣ የት ሳትል። ወዲያው ሞተባት። የት እንደተቀመጠ የማይታወቅ ሰው እንዴት ይታያል?

"እኔ የምልሽ" አለ ባውሮ፣ ከዛፍ ወርዶ ወለላውን እያጠለለ። "አውሮፕላኑ ዓርብ ይመጣል። አሽጊና ላኪው። ታትሞ እስኪመጣ ሁሉም ይረሳዋል።"

"እማማ ቴቡካም ይረሳሉ?"

ባውሮ ወደ ማጥለያው አቀረቀረ።

"ታትሞስ መጣ እንበል። ማን ያነበዋል? እኔ እኮ እዚህ ያለ ሰው እንዲሰማው ነው የጻፍኩት። ጎረቤቴ ካላነበበው ለማን ብዬ ነው ዐይኔን ያጠፋሁት?"

"እንግዲያው ሰውየውን ከማኔአባ አስወጪው። ውጭ ይቁም። ዓሣ ያጥምድ። ሚስት ያግባ።"

"ስንቱን ባሕር አቋርጦ የመጣው እዚያ ለመቀመጥ ነው!"

"ከኔ ይልቅ ለሱ ታስቢያለሽ" አለ ባውሮ፤ ግማሹ ቀልድ ነበር።

ሐሙስ ቀን የሽማግሌዎቹ መልእክት ደረሰ። ቅዳሜ ማኔአባ ትቅረብ፣ ጽሑፏንም ይዛ ትምጣ። እነሱ "ይቅር" ካሉ ይቀራል። እምቢ ብላ ብትልከው የባውሮ ቤተሰብ በሸንጎ አንገቱን ይደፋል፣ መንደሩም ፊቱን ያዞርባቸዋል፤ አንዱ ባሕር ከሌላው ባሕር በድንጋይ ውርወራ በሚደርስባት ደሴት ደግሞ ፊት ከዞረ መሸሻ የለም።

ዓርብ አውሮፕላኑ ሲመጣ ሰማችው። ሲሄድም ሰማችው። ወረቀቱ ጭኗ ላይ ነበር። ከዚያ ተነስታ ጥቂት የዳቦ ፍሬ፣ እንደ ድንች ተጠብሶ የሚበላውን የዛፍ ፍሬ፣ በቅርጫት ይዛ ወደ እማማ ቴቡካ ቤት ሄደች፤ ከሸንጎው በፊት እግራቸው ላይ ወድቃ ይቅርታ ልትል። ከአጥሩ ስትደርስ አሮጊቷ ከውስጥ ሲያስሉ ሰማች። ምን ልትላቸው ነው? "ልጅዎን አልጻፍኩትም" ልትል? እርግጠኛ ናት? ቅርጫቱን እንደያዘች ተመለሰች። ቤቷ ስትደርስ ለራሷ ቁርጥ አደረገች፤ ነገ ይቅር ካሉ እዚያው እሳት ትለቅበታለች፣ ሁለተኛም እስክሪብቶ አትይዝም።

ቅዳሜ ማኔአባው ለሠርግ እንኳ ሞልቶ በማያውቀው አሞላል ሞላ። የማንበብ ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ሰው የመጣው ጸብ ሊያይ ነው። አሮይታ ከባውሮ ጀርባ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። አባባ ኮሪያራ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

"የባውሮ ሚስት፣ ጻፈች የሚሉትን ሰምተናል። ሰው የሚያወራው ሌላ፣ የተጻፈው ሌላ ሊሆን ይችላል። አንብቢና እንስማው።"

"የቱን ላንብብ አባባ?"

"ነገር ያመጣውን ነዋ! ሰላማዊውን ቤትሽ ታነቢዋለሽ።"

ሳቅ ሆነ። እሷ አልሳቀችም። እጇ ላይ ሁለት ወረቀት ነበር። አንደኛው የፊተኛው ነው። ሁለተኛው "ገብቶ ተቀመጠ" ብቻ የሚለው፣ ማንንም የማይነካው። ይህን ብታነብ ወሬው ሐሰት ሆኖ ይቀርና ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል፤ መጽሐፉም በሚቀጥለው አውሮፕላን ይሄዳል። ሁለተኛውን ያሳየቻት ኪናይ ከማዶ በዐይኗ "እሱን አንብቢ፣ እሱን!" ትላታለች። አሮይታ ቀና ስትል እማማ ቴቡካን አየች። ዐይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ አንገታቸውን አዘንብለው ጆሮአቸውን ወደሷ አቅንተዋል። እኒህን ሴትዮ በሞተ ወረቀት መሸንገል ከበዳት። የፊተኛውን አነበበች።

መጀመሪያ ድምጿ አልወጣም ነበር፤ "ጮክ በይ!" አሏት። ጎንበስ ብሎ ገባ ስትል፣ ጫማውን አወለቀ ስትል፣ ወጣትነቱን በመርከብ ላይ የጨረሰ አንድ ሽማግሌ "እውነቷን እኮ ነው፣ ያ ጫማ አሸዋ ውስጥ ይቀብርሃል" ሲል ተሰማ። በሰሜን በኩል፣ ሁለተኛው ምሰሶ ስትል ግን ዐይን ሁሉ ባዶው ሰሌን ላይ አረፈ።

"ይሄ ሰው የማን ልጅ ነው?" አሉ አባባ ኮሪያራ።

"የማንም አይደለም አባባ። እኔ ነኝ ያመጣሁት። ከጭንቅላቴ።"

"ከጭንቅላት የመጣ ሰው ማኔአባ ይቀመጣል?"

"የማንም ካልሆነ ውሸት ነው" አለ ከደቡቦቹ ወንድማማቾች ታላቁ። "የሰው ከሆነ ደግሞ ስርቆት ነው። አንዱን ትምረጥ!"

"ዛሬ ቦታ ስጡኝ ያለ ነገ መሬት ይጠይቃል" አለ ታናሹ። ሁለቱ ከተጣሉ ጀምሮ በአንድ ነገር ሲስማሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

"ውሸቱን ውሸት ነው" አለች አሮይታ። "ውሸት መሆኑን አላጣሁትም። ግን ለማታለል አይደለም። ሰው ከሄደበት ሲመለስና የሚያውቀው ሲያጣ ምን ይሰማው ይሆን ብዬ ነው። ቦታውን ደግሞ... እማማ ቴቡካ፣ ካሞሪኪን አስቤ አልጻፍኩትም። አስቤም ከሆነ አላወቅኩትም። ይቅር ይበሉኝ።"

ሰው ሁሉ ወደ አሮጊቷ ዞረ።

"እንደገና አንብቢው" አሉ እማማ ቴቡካ።

እንደገና አነበበችው።

"ይበላል ይሄ ሰውዬ?"

"አቤት እማማ?"

"ይበላል ወይ? ሲበላ ጽፈሽዋል?"

"አዎ፣ ይበላል።"

"እሱን አንብቢልኝ።"

አሮይታ ወረቀቱን አተራምሳ አገኘችው። ቢሪቦ ከሰው አገር ሰው ጋር ብዙ ዘመን የበላ ነውና ቀስ እያለ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ዓሣውን ከእሾሁ እየለየ ይበላል። አነበበችላቸው። እማማ ቴቡካ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"የኔ ልጅ አይደለም" አሉ። "ካሞሪኪ ሲበላ ከሐይቁ ማዶ ይሰማ ነበር።"

ማኔአባው በሳቅ ፈነዳ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባቸው መጣ። "ወሬው ሲደርሰኝ ተቆጥታለች አላችሁ። አልተቆጣሁም። እሱ ይሆናል ብዬ ነው የቸኮልኩት። እሱ ቢሆን ኖሮ እዚያው ይቀመጥ እል ነበር፣ ማናችሁም አታስነሱትም ነበር። አይደለም። እንግዲህ የልጄን ቦታ ይልቀቅልኝ።"

"ይለቃል እማማ" አለች አሮይታ። አለቀ አለች በልቧ። ወረቀቱን ታጣጥፍ ጀመር። ለመጽሐፉ አልነበረም ሐዘኗ፤ እኒህ ሴትዮ ተስፋ አድርገው መጥተው ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነው።

"የት ልትሄጂ ነው? እኔ አልጨረስኩም" አሉ እማማ ቴቡካ የወረቀቱን ኮሽታ ሰምተው። "ይሄ ሰውዬ ዘመድ የለውም?"

"የለውም።"

"የሚያውቀውስ?"

"ማንም የለውም እማማ።"

"ታዲያ ዘመድ የሌለው ሰው ከባሕር ሲመጣብን የት ነው የምናስቀምጠው? ኮሪያራ፣ አርጅተህ ረሳኸው እንዴ?"

አባባ ኮሪያራ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ በኩል አዩ። እዚያ የእንግዳ መቀመጫ አለ፤ ከሌላ ደሴት የመጣ፣ ጀልባ የተሰበረበት፣ ነፋስ አምጥቶ የጣለው ሁሉ የሚያርፍበት። የአንድ ቤት አይደለም፣ የመንደሩ ሁሉ ነው። አሮይታ ቢሪቦን ይዛ ማኔአባውን ስትዞር አንድም ጊዜ ወደዚያ አልዞረችም፤ ለአገር ልጅ እንዴት የእንግዳ ቦታ ይሰጠዋል? አሁን ግን ነገሩ ሁሉ ቁልጭ አለላት። የቢሪቦ ታሪክ እኮ ይኸው ነው፤ አገሩ ገብቶ እንግዳ የሆነ ሰው ነው። ሦስት ዓመት የጻፈችውን ሰው አሁን ገና ያወቀችው መሰላት፤ ማፈርም መደሰትም አንድ ላይ መጣባት።

ሽማግሌዎቹ አንገት ላንገት ገጥመው ተነጋገሩ። "እንግዳ ከሆነ ደግ" አሉ አባባ ኮሪያራ ቀና ብለው። "እንግዳ ግን ባዶ እጁን ማኔአባ አይገባም። ትምባሆው የታለ?"

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ባውሮ ተነሳ። ጎንበስ ብሎ መሃሉን አቋረጠና ከኪሱ የራሱን ጥቅል ትምባሆ አውጥቶ ከሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጠ። "ቢሪቦ ነው የላከው" አለ። "መንገድ ላይ ትንሽ ቆርጦለታል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ ብሏል።"

"የሌለ ሰው ትምባሆ!" አለ ከወንድማማቾቹ ታላቁ።

"ታዲያ አትቀበላ።"

"ማን አልቀበልም አለ?" ብሎ ከሁሉ ቀድሞ ቆረጠ።

"እንግዳ ደግሞ ከየት እንደመጣ ይናገራል" አሉ አባባ ኮሪያራ ትምባሆአቸውን እየጠቀለሉ። "ከመጀመሪያው ጀምሪ።"

አነበበች። ድምጿ እስኪሻክር አነበበች። የሚያስቅ ያለችው ቦታ ላይ ማንም አልሳቀም፤ ያላሰበችው ቦታ ላይ ደግሞ ሴቶቹ በሳቅ ተንፈራፈሩ። በጣም የምትኮራበት፣ ስለ ባሕሩ የጻፈችው ገጽ ላይ ሁለት ሰው አዛጋ። የድሮው መርከበኛ ስለ መርከብ ገመድ ሁለት ጊዜ አቋርጦ አረማት። ኪናይ ከዚህ በፊት የሰማችውን ሁሉ ቀድማ እየተናገረች ጎረቤቶቿን አሰለቸች። እማማ ቴቡካ አንድም ጊዜ አልተነቃነቁም።

ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘነብል ምግቡ ቀረበ፤ ዓሣ፣ ሩዝ፣ በእሳት የተጠበሰ የዳቦ ፍሬ። እኛ ዘንድ ምግብ ዝም ተብሎ አይነሳም። ምግብ አዳዩ እያንዳንዱን ድርሻ ከፍ አድርጎ የባለመቀመጫውን ስም ይጠራል፤ ከዚያ ቤት አንድ ሰው አቤት ብሎ ይቀበላል። አቤት ባይ ያጣ ድርሻ ተመልሶ ከክምሩ ላይ ይደረጋል። የሚጀመረውም በእንግዳ ነው። አዳዩ የመጀመሪያውን ሳህን አነሳ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁለት።

"ቢሪቦ!" ሲል ተጣራ።

ያን ስም ከራሷ ሌላ ሰው በሸንጎ ሲጠራው መስማት አሮይታን ክው አደረጋት። ማንም አቤት አላለም። የእንግዳው ቦታ ባዶ ነበር።

"ቢሪቦ!"

"የወለደችው ትቀበልለት እንጂ!" አሉ እማማ ቴቡካ። "የኔ እንዳይመስላችሁ፣ የሷ ነው። ምን ይዟት ነው?"

"አቤት!" አለች አሮይታ። ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ።

ከባውሮ ጀርባ ተነሳች። ጎንበስ ብላ መሃሉን አቋረጠች፤ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ሴት ብቻዋን ስታልፍ ብዙ አይታይም። በእንግዳው ሰሌን ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠችና ቀና አለች። ማኔአባውን ከዚህ በኩል አይታው አታውቅም። ሁሉም ሰው፣ ሰሜኑም ደቡቡም፣ ፊቱን ወደሷ አዙሯል፤ የሰሜኑ ሁለተኛ ምሰሶ ከፊቷ በግራ በኩል ከነባዶነቱ ይታያታል፣ ከኋላው እማማ ቴቡካ። ቢሪቦ የሚያየው ይህን ነው። ምዕራፉ እንዳለ እንደገና መጻፍ አለበት። አውሮፕላኑ አንድ ሁለት ሳምንት ይጠብቃታል።

አዳዩ ሳህኑን አስቀመጠላት።

"ብይ እንጂ" አሉ አባባ ኮሪያራ። "እንግዳው ሳይቀምስ እኛ አንጀምርም፤ ርቦናል።"

አሮይታ ከዳቦ ፍሬው ቆረሰች። ትኩስ ነበር።